መዝግቦኛል፤ አያውቀኝም

ሰኞ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ይህ በአዲስ አበባ ዜና አይደለም። የእኔ ነገር የሚጀምረው መብራቱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ነው። በቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሞኒተሮች አሉ፤ ሁለቱም ላፕቶፔን በአንድ ገመድ ከምሰካበት ዶክ ጋር የተያያዙ ናቸው። በግራው የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እከፍታለሁ፤ ቀኙን እንደ መጽሐፍ ገጽ ቀጥ አድርጌ አቁሜ የግምገማ ማስታወሻዬን እጽፍበታለሁ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ አልጠፋም፤ የከፈትኳቸውም ፋይሎች እንደተከፈቱ ነበሩ። ዶኩና ሞኒተሮቹ ግን ጠፍተው ተመለሱ፤ ሲመለሱም ቦታ ተለዋውጠው ተገኙ። ግራ የነበረው ቀኝ ሆነ፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ሞኒተር ጽሑፉን በጎኑ አጋድሞ ያሳየኝ ጀመር። ማውሱን ወደ ግራ ስገፋው በቀኝ በኩል ብቅ ይላል። አንገቴን አጋድሜ ግማሽ ገጽ ካነበብኩ በኋላ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ንዴቴ። ይህንኑ አሰላለፍ ባለፈው ዓርብ አስተካክዬ «አስቀምጥ» ብዬው ነበርና፤ ከዚያ በፊት ባለው ረቡዕም እንዲሁ።

ከእኔ የፖለቲካ ትችት የሚጠብቅ አንባቢ «ዶክተሩ ደግሞ ዛሬ የኮምፒውተር ጥገና ጀመሩ ወይ?» ሳይል አይቀርም። አልጀመርኩም። ነገር ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ የዚህን ችግር ሥር ስከታተል ያገኘሁት ነገር፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ቆሜ ለዓመታት ሳይገባኝ የኖረውን ነገር አስረዳኝ። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ፤ መንገዱ በገመድና በመሰኪያ መካከል ያልፋል።

የምጠቀመው ሊኑክስ ነው፤ በላዩ ላይ የሚሠራው ዴስክቶፕ ደግሞ ግኖም የተባለው ነው። መጀመሪያ ያቀረብኩት ክስ ቀላል ነበር፦ «ማሽኑ አላስቀመጠም።» ከክስ በፊት ማስረጃ ማየት ሙያዬ ያስተማረኝ ልማድ ነውና ግኖም የሞኒተሮችን አሰላለፍ የሚያስቀምጥበትን ፋይል ፈልጌ ከፈትኩት። «ሞኒተርስ ኤክስኤምኤል» ይባላል፤ በተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ የሚቀመጥ፣ ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ባዶ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ባዶ አልነበረም። ያንኑ ጠረጴዛ፣ እነዚያኑ ሁለት ሞኒተሮች አሥራ አንድ ጊዜ መዝግቧቸዋል። አሥራ አንድ ጊዜ አስተካክዬ «አስቀምጥ» ብያለሁ፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ ታዞ አስቀምጧል። የእያንዳንዱ ሞኒተር ቦታ እስከ ፒክስሉ ድረስ ትክክል ነው፤ የቀኙ ቀጥ ብሎ እንደሚቆምም ተጽፏል። ክሴ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ውድቅ ሆነ። ማሽኑ መዝግቦኛል፤ አያውቀኝም እንጂ።

የማያውቀኝ ለምንድን ነው? በመዝገቡ ውስጥ አንድ ሞኒተር የሚታወቀው በአራት ነገሮች ነው፦ በተሰካበት መሰኪያ ስም፣ በአምራቹ ምልክት፣ በሞዴሉ፣ በሴሪያል ቁጥሩ። እኔ በምጠቀምበት ስሪት የተቀመጠው አሰላለፍ ተመልሶ እንዲመጣ የተገናኙት ሞኒተሮች ሁሉ በአራቱም መመሳሰል አለባቸው። ሦስት ከአራት የማለፊያ ነጥብ አይደለም። አሥራ አንዱን ምዝገባዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነጻጽራቸው አምራቹ ያው ነው፤ ሞዴሉ ያው ነው፤ ሴሪያል ቁጥሩም ያው ነው። የሚለያየው የመሰኪያው ስም ብቻ ሆኖ አገኘሁት። በአንደኛው ምዝገባ ሞኒተሮቹ ዲፒ-3 እና ዲፒ-4 ናቸው፤ በሌላው ዲፒ-5 እና ዲፒ-6፤ በሌላው ዲፒ-7 እና ዲፒ-8። ገመዱን ግን ማንም አልነካውም።

እዚህ ላይ ዲፒ-5 የሚባል ቀዳዳ በዶኩ ጀርባ ላይ እንደሌለ መናገር አለብኝ፤ እኔም ባትሪ አብርቼ ፈልጌዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነው የዲስፕሌይፖርት 1.2 ደረጃ በአንድ ገመድ ውስጥ የብዙ ሞኒተሮችን ምስል ማስተላለፍ አስቻለ፤ ዶኩ ያን አንድ ገመድ ተቀብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። የሊኑክስ ከርነል በዚህ መንገድ ለሚደርሱት ሞኒተሮች መሰኪያ እንዳላቸው ቆጥሮ፣ ብቅ ባሉ ቁጥር ስም ያወጣላቸዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አሮጌዎቹ ስሞች ገና ከመዝገብ ሳይሰረዙ ሞኒተሮቹ እንደገና ብቅ ሊሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ቀጣዩ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ቆጠራው ከመጀመሪያው ስለሚነሣ፣ አንዳንድ ቀን ጧት ማሽኑ በደንብ ያውቀኝና «ተፈወሰ» ብዬ ደስ ይለኛል። ደስታዬ እስከሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ድረስ ነው።

ስለዚህ ዲፒ-5 ስም መስሎ የቀረበ የወረፋ ቁጥር ነው። ባንክ ስንገባ ከማሽኑ ቆርጠን እንደምንይዘው ወረቀት ማለት ነው፦ ዛሬ 47፣ ነገ 112። አንድ ባንክ ደንበኛውን በስሙ፣ በፊርማውና በፎቶግራፉ ላይ የወረፋ ቁጥሩን ጨምሮ ቢመዘግበው፣ በማግሥቱ ሌላ ቁጥር ይዞ ሲመጣም «እርስዎን አናውቅዎትም» ቢለው ምን እንላለን? ግኖም ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ ያውም በትሕትናና በዝምታ።

በዚህ ላይ የጊዜ ጉዳይ አለ። ሁለቱ ሞኒተሮች እኩል አይነቁም፤ የግራው አንድ ሦስት ሰከንድ ይቀድማል። በእነዚያ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ማሽኑ የሚያየው አንድ ሞኒተር ብቻ ስለሆነ በዚያው ልክ አሰላለፉን ይወስናል፤ መስኮቶቼን ሁሉ ወደዚያ ያግዛል። ሁለተኛው ሲነቃ ሌላ ውሳኔ ይወስናል፤ የታጎሩት መስኮቶች ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራሉ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ሁሉንም ጠየቅኳቸው፤ ማለትም ስለ ሁሉም የተጻፈውን አነበብኩ። ዶኩ «እኔ ገመድ ከፋይ ነኝ፤ ስም አላወጣም» ይላል። ከርነሉ «እኔ ስም አወጣለሁ እንጂ ስሙ ዘላቂ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባሁም» ይላል። ግኖም «እኔ የተሰጠኝን ከተመዘገበው ጋር አነጻጸርኩ፤ አልተመሳሰለም» ይላል። የሞኒተሩ አምራች ምንም አይልም። እያንዳንዱ በየበሩ ሲጠየቅ ትክክል ነው። ባለጉዳይ አራት ቢሮ ተመላልሶ፣ አራቱም ቢሮ ትክክል ሆኖ፣ ጉዳዩ ግን ሳይፈጸም ሲቀር ምን እንደሚባል የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ «ነገ ይመለሱ» ይባላል።

በነገራችን ላይ ቀድሞ ነገሩ በአንድ በር ያልቅ ነበር። ኤክስ በተባለው አሮጌው የምስል ሥርዓት ዘመን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ፣ «ኤክስራንደር» በተባለች አንዲት ትእዛዝ ማንኛውንም ሞኒተር ከየትም ሆኖ ማሰለፍ ይቻል ነበር። የእርሱ ተተኪ በሆነው ዌይላንድ ግን እያንዳንዱ ዴስክቶፕ በራሱ ግዛት ሉዓላዊ ነው፤ የግኖም መዝገብ ለኬዲኢ ፕላዝማ አይሠራም፤ የፕላዝማውም ለግኖም። ማዕከላዊነት ይሻላል ወይስ ፌዴሬሽን የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ ከፍቼው የዘጋሁበትን ቀን አላስታውስም።

ወደ መፍትሔው ልምጣ። መፍትሔው መጀመሪያ ላይ ግልጽ መሰለኝ። እያንዳንዱ ዘመናዊ ሞኒተር ኤዲድ የሚባል መታወቂያ በሆዱ ይዞ ይዞራል። ቬሳ የተባለው የደረጃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ነው፤ መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ የአምራቹ ምልክት በሦስት ፊደል፣ የሞዴሉ ቁጥር፣ ሴሪያል ቁጥሩ፣ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ይገኛሉ። «እንግዲያውስ የወረፋ ቁጥሩን ጥላችሁ ሰውየውን በመታወቂያው እወቁት!» ብዬ ለአልሚዎቹ ደብዳቤ ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁ። በኤክስ ዘመን አውቶራንደር የተባለው ፕሮግራም ሞኒተሮችን በኤዲድ እየለየ አሰላለፍ ይመልስ እንደነበርም በማስረጃነት አዘጋጀሁ።

ደብዳቤው ግማሽ ላይ ሲደርስ አንድ ያሳፈረኝ ነገር ትዝ አለኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት የአንዲት ተማሪ የማስተርስ ጽሑፍ የመከላከያ ቀን ነበር። በዕለቱ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። የልጅቱ ላፕቶፕ ከፕሮጀክተሩ ጋር አልግባባ ስላለ «በኔ እናሳየው» ብዬ ፋይሏን በፍላሽ ተቀበልኩና ገመዱን ሰካሁ። እኔ ግድግዳውን እንደ ተጨማሪ ገበታ እንጂ የላፕቶፔ መስታወት አድርጌ ማየት አልፈልግም ነበር፤ በዚያ ክፍል ከዚህ ቀደም ሰክቼ ስለማላውቅም ማሽኑ እንደ አዲስ ነገር ይቀበለዋል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ማሽኑ ግን «አውቀዋለሁ» አለ። የማስተምርበት አዳራሽ ፕሮጀክተርና የዚህኛው ክፍል ፕሮጀክተር በአንድ ጨረታ የተገዙ፣ የአንድ አምራች፣ የአንድ ሞዴል ነበሩ፤ የሁለቱም ሴሪያል ቁጥር ዜሮ ነው። ብዙ አምራቾች ያችን ቦታ ባዶ ትተዋት ይሄዳሉ። መሰኪያውም ያው የላፕቶፔ ኤችዲኤምአይ ነበር። አራቱም ነጥብ ተመሳሰለ፤ ለአዳራሹ ያስቀመጥኩት አሰላለፍ፣ ማለትም በላፕቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ በግድግዳው ላይ የሚደግመው፣ ሥራውን ጀመረ። ጧት ጽሑፏን ካነበብኩ በኋላ ያሰፈርኩት ጊዜያዊ ነጥብ ከነአስተያየቱ በልጅቱ፣ በጓደኞቿ፣ አበባ ይዛ ከኋላ በተቀመጠችው እናቷ ፊት በግድግዳው ላይ ወጣ።

ገመዱን የነቀልኩት ምናልባት በአምስት ሰከንድ ውስጥ ነው። አምስት ሰከንድ ለሁለት አኃዝ በቂ ነው። ልጅቱ ጽሑፏን ተከላከለች፤ ድምፅዋ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ነጥቤን ልለውጥ? ብለውጥ እንደ ካሣ ይቆጠራል፤ ባልለውጥ ሳልሰማት ፈርጃለሁ ይባላል። የውጭ ገምጋሚው ከዚያ በኋላ የሰጡት ነጥብ የራሳቸው ይሁን የግድግዳው እስከ ዛሬ አላውቅም። ፋይሉን ሳልዘጋ መሰካቴ የእኔ ጥፋት መሆኑን አልክድም።

ደብዳቤዬን ቀደድኩት። ምክንያቱም አሁን ሁለት ስህተቶች በፊቴ ቆመዋል። አንደኛው የሚያውቀውን አላውቅም የሚል ነው፤ ሁለተኛው የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል። የመጀመሪያው የእኔን አንገት ያጣምማል፤ ሁለተኛው የሌላ ሰው ገመና ያወጣል። የመሰኪያውን ስም ከመዝገቡ ማስወጣት የመጀመሪያውን ስህተት ሲቀንስ ሁለተኛውን ያበዛዋል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሴሪያል ቁጥራቸው ዜሮ የሆነ ሁለት መንትያ ሞኒተሮች ያሉት ሰው፣ ግራውን ከቀኙ የሚለይለት የመሰኪያው ስም ብቻ ነው። አራቱንም የጠየቁት አልሚዎች ሞኞች አይደሉም፤ ለመንትዮቹ ተጠንቅቀው ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ንዴቴ በረደ። ቅሬታዬ ግን አልጠፋም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። ማሽኑ ሊያውቀኝ ባለመቻሉ አልከሰውም። የምከሰው ሳያውቀኝ ሲቀር ዝም በማለቱ፣ አሥራ ሁለተኛ ጊዜ እንደ አዲስ እንግዳ ተቀብሎ የመሰለውን አሰላለፍ በመዘርጋቱ ነው።

* * *

አሁን ወደ ወረዳው ልሂድ። የወረዳው ስም ይቆየን።

የምኖርበት ቤት ከወላጆቼ የወረስኩት ነው፤ ከተሠራ ጀምሮ አንድ ክንድ እንኳ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። አድራሻው ግን ብዙ ተጉዟል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌ ሲወለድ በአንድ ቁጥር ተመዘገበ፤ ከዚያ ከፍተኛ መጣ፤ ከፍተኛው ወረዳ ሆነ፤ በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ሌላ ቀበሌ ሆነ፤ ቀበሌው ቀርቶ እንደገና ወረዳ ሲባል ሌላ ቁጥር ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2020 ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲቋቋም ደግሞ የብዙ ሰፈሮች መዝገብ እንደገና ዞረ። እያንዳንዱ ለውጥ የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ አንዳንዱም ጥሩ ምክንያት። ቤቱ ግን ያው ቤት፣ በሩም ያው በር ነው።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ የነዋሪነት ማረጋገጫ አስፈልጎኝ ሄድኩ። በመዝገብ ቤቱ መስኮት በስተጀርባ ያሉት እናት ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሴት ናቸው። ስሜን ጠየቁኝ፤ ፈለጉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና ፈለጉ።

«ፋይልዎ የለም፣ ዶክተር።»

«አለ እንጂ፣ እትዬ። ከሦስት ዓመት በፊት እርስዎ ራስዎ ነዎት አውጥተው የጻፉልኝ።»

«እሱማ የድሮው ነው። የድሮው ታች ምድር ቤት ተቀምጧል። እዚህኛው ላይ እርስዎ አዲስ ነዎት።»

አዲስ ነዎት! እኔን ያውቁኛል፤ አባቴንም ያውቁ ነበር፤ ስለ ጤንነቴ ጠይቀውኛል። ፋይሉም አለ፤ አልጠፋም፤ አልተቃጠለም፤ ከእግራችን ሥር በምድር ቤቱ በሥርዓት ተደርድሮ ተቀምጧል። ነገር ግን የሚፈለገው በወረዳ ቁጥር ስለሆነ፣ ቁጥሩም ስለተለወጠ፣ የእርሳቸው እውቀትና የምድር ቤቱ ፋይል አንድ ላይ ተደምረው የእኔን ማንነት ሊያረጋግጡ አልቻሉም። ሦስት ምስክር ይዤ መጥቼ እንደ አዲስ ተመዘገብኩ። የቀደመውን ጊዜ ሁሉ ቆጥሬ ስመለከተው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ቢያንስ አራት እኔ አለሁ። የማንኛችንም ፋይል ስለ ሌላኛችን አያውቅም።

«የተቋም ትውስታ የለንም» የሚለው አባባል በየስብሰባው ስንሰማው የኖርነው ነው፤ እኔም በየጽሑፌ ደጋግሜዋለሁ። አሁን ግን አባባሉ ትክክል አይመስለኝም። እናስቀምጣለን። እንዲያውም አብዝተን እናስቀምጣለን፤ በሦስት ቅጂ፣ በማኅተም፣ በክብ ቲተርና በግርጌ ቲተር። የጎደለን ያስቀመጥነውን መልሶ ማወቅ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩን የምንመዘግበው በራሱ ምልክት ሳይሆን በዕለቱ በያዘው የወረፋ ቁጥር ነው። የከፍተኛ ትምህርት ጉዳይ በ2011 ዓ.ም. ወደ ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ2014 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ያው ናቸው፤ መምህሩም ተማሪውም ያው ነው። የመሰኪያው ስም ግን ሁለት ጊዜ ተለወጠ። በእንዲህ ያለ ሽግግር ውስጥ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ፋይሉ ተረከበ ወይ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ነገ በምን ስም ተፈልጎ ይገኛል የሚለውም ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ፋይዳ መጥቷል፤ ይህ ሁሉ ያበቃል» ይሉኛል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ሰውን በሚኖርበት ቀበሌ ሳይሆን በራሱ አካል፣ በጣት አሻራውና በዓይኑ፣ የሚያውቅ ነው። በእኔ ቋንቋ የወረፋ ቁጥሩን ትቶ ወደ ኤዲድ መሻገር ማለት ነው፤ እደግፈዋለሁ፤ ተመዝግቤያለሁም። ነገር ግን ከዚያ ግድግዳ በኋላ ጥያቄ ሳልጠይቅ መደገፍ አልችልም። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው የጣቱ መስመር ተፍቆ አልነበብ ያለ ዕለት፣ ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ማሽን ምን ይለዋል? «አልተገኘም» ብቻ ብሎ ያሰናብተዋል ወይስ «ይህ ተመሳስሏል፤ ይህኛው አልተመሳሰለም፤ በዚህ በኩል እንሞክር» ይለዋል? ለእኔ የሥርዓቱ ጥራት የሚለካው ባወቀን ቀን ሳይሆን ባላወቀን ቀን ነው።

የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ራሱ የተነሣው ከዚህ ጋር ከሚቀራረብ ጥያቄ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ሪቻርድ ስቶልማን በኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ የቤተ ሙከራው አሮጌ ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝበት ለተጠቃሚዎቹ «ተይዣለሁ፤ መጥታችሁ አስለቅቁኝ» የሚል መልእክት እንዲልክ ፕሮግራሙን አስተካክሎት ነበር። ከዚያ አዲስ የዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር መጣ፤ እርሱም ወረቀት ይይዝበታል፤ ነገር ግን የፕሮግራሙ ምንጭ ስለተከለከለ ያንን መልእክት ማስገባት አልተቻለም። ምንጩ በእጁ ያለ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ «ላለማካፈል ፈርሜያለሁ» ብሎ መለሰው። ስቶልማን የግኑን ፕሮጀክት ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው የጠየቀው የማይበላሽ ፕሪንተር አልነበረም። ሲበላሽ የሚናገር ፕሪንተር ነበር።

ስለዚህ በአንድ በኩል «ሊኑክስ ነፃ ነው፤ ካልተመቸህ ራስህ አስተካክለው» የሚሉኝን አልቀበልም። ፋይሉ ክፍት ስለሆነ አነበብኩት፤ የአልሚዎቹ ክርክር በአደባባይ ስለሆነ ምክንያታቸውን አወቅኩ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በወረዳው ምድር ቤት ያላገኘሁት መብት ነው። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ለመቀመጥ ጊዜ ያለው ሰው ብቻ የሚጠቀምበት መብት ገና ግማሽ መብት ነው። በሌላ በኩል «ወደ ዊንዶውስ ተመለስ» የሚሉኝንም አልሰማም። እዚያም መስኮቶች ሞኒተር በተነቀለ ቁጥር ሲበተኑ ኖረው፣ በሞኒተሩ ግንኙነት መሠረት ቦታቸውን እንዲያስታውሱ የሚያደርገው ምርጫ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ዊንዶውስ 11 ጋር ነው።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ኬዲኢ ፕላዝማ አዲስ ሞኒተር ሲሰካ ምን ላድርግ ብሎ በገበታው መካከል ይጠይቃል፤ ይህ ጥሩ ጅምር ነው። ግኖም ደግሞ አራት ነጥብ ሳይሟላ ሦስት ሲሟላ «ይህን ሞኒተር የማውቀው ይመስለኛል፤ የመሰኪያው ስም ግን ተለውጧል፤ የቀድሞውን አሰላለፍ ልመልስ?» ብሎ አንዲት መስመር ይጻፍልኝ። አዎን ወይም አይደለም ማለት የእኔ ፋንታ ነው። በዚያች መስመር አንገቴ ይድን ነበር። የተማሪዬም ነጥብ ይድን የነበረው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ማሽኑ ሴሪያል ቁጥሩ ዜሮ የሆነውን ፕሮጀክተር «አውቀዋለሁ» ከማለቱ በፊት «እርግጠኛ አይደለሁም» ቢለኝ ኖሮ።

እስከዚያው የራሴን መላ ፈጥሬያለሁ። ዶኩንና ሞኒተሮቹን ከአንዲት ትንሽ ዩፒኤስ ጋር አያይዣለሁ፤ አጭር የመብራት መቋረጥ አሁን አይሰማቸውም። ዩፒኤሷ ስታልቅ ደግሞ ሞኒተሮቹን በሴሪያል ቁጥራቸው ለይታ አሰላለፉን የምትመልስ አጭር ስክሪፕት ጽፌያለሁ፤ ከግኖም 48 ጋር የመጣውን «ጂዲሲቲኤል» የተባለ መሣሪያ ትጠቀማለች። የመግቢያው ገጽ ለብቻው የራሱ መዝገብ እንዳለው ያወቅኩት በመጨረሻ ነው፦ የይለፍ ቃል የምጽፍበት ገጽ አሁንም በጎኑ ተጋድሞ ነበር፤ ምክንያቱም ከበሩ ላይ ያለው ዘበኛ የውስጡን ፋይል አያነብም። ቅጂ አውጥቼ ሰጠሁት። ከሰካሁ በኋላ ከፕሮጀክተር በፊት ሁሉንም ፋይል መዝጋትን ግን ለማሽን አልተውኩትም፤ እጄ ለምዶታል።

ለአልሚዎቹ ሁለተኛውን ደብዳቤ ጽፌ ላክሁ፤ አሥራ አንዱን ምዝገባ አያይዤ። ለወረዳውም አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ፦ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «የቀድሞ ወረዳና ቀበሌ» የሚል አንድ ዓምድ እንዲጨመር፣ ፋይል ሲፈለግም በእርሱ ጭምር እንዲፈለግ። እትዬ ማመልከቻዬን ተቀብለው በጥሞና አነበቡት፤ ጥሩ ሐሳብ ነው አሉኝ። የገቢ ማኅተም መትተው፣ ቁጥር ጽፈውበት፣ ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ገልብጠው ሰጡኝ።

«ይቺን እንዳይጥሏት፣ ዶክተር» አሉኝ። «ሲመለሱ የምንፈልገው በቁጥሯ ነው።»

ቸር እንሰንብት።